የጋዝ ቧንቧ ፕላን በሕንፃ ውስጥ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የሥልጣኔ ታሪክ በሚተረክበት ጊዜ ዘወትር በቅድሚያ የሚነሣው የፈልሳፊው ስም ነው። የጋዝ መብራትም ታሪክ እንዲሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም መርዶክ በ1792 ዓ.ም. በኮርንዎል አውራጃ፣ በሬድሩት ከተማ፣ መኖሪያ ቤቱን ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ እንዳበራ ይነገርና ታሪኩ በዚያው ይዘጋል። ነገር ግን ጋዝን ከከሰል ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ የወጣውን ጋዝ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከወለል በታችና ከግድግዳ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ጸሐፊዎች እምብዛም አይመለከቱትም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ የተሸሸገውን ሥራ ነው።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ቧንቧ ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። አንድ መሐንዲስ የአንድን ሕንፃ የጋዝ ቧንቧ ፕላን ለመንደፍ በሚቀመጥበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛ፤ የሚያስፈልገው ጋዝ ከመጨረሻው መብራት ወይም ምድጃ ድረስ በበቂ መጠን ይደርሳልን? ሁለተኛ፤ ከጋዙ ጋር የሚመጣው እርጥበት ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፤ ጋዙ ከቧንቧው ያመለጠ እንደ ሆነ ወዴት ይሄዳል? የእነዚህን ጥያቄዎች ታሪክ ስንከታተል የመጀመሪያው በሒሳብ፣ ሁለተኛው በባለ እጆች ሙያ እንደ ተመለሰ እናገኛለን። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው የተመለሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

፩. ፋብሪካውና ከተማው

መርዶክ የቦልተንና ዋት ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። በ1802 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ የሰላም ውል ባደረጉ ጊዜ በበርሚንግሃም አጠገብ የሚገኘው የሶሆ ፋብሪካ ለበዓሉ በጋዝ ብርሃን አጊጦ ታየ። ለጥናታችን የበለጠ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በኋላ በ1805 እና በ1806 ዓ.ም. በማንቸስተር አጠገብ፣ በሳልፎርድ፣ በፊሊፕስና ሊ የጥጥ ፈተል ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። መርዶክ ስለዚህ ሥራ የጻፈው ጽሑፍ በየካቲት ወር 1808 ዓ.ም. በሎንዶን በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ፊት ስለ ተነበበ ዝርዝሩ በሚገባ ይታወቃል።

በዚያ ፋብሪካ ውስጥ አርጋንድ የሚባሉ 271፣ ኮክስፐር የሚባሉ 633፣ በድምሩ 904 የጋዝ መብራቶች ነበሩ። የሁሉም ብርሃን ተደምሮ ከ2,500 ሻማዎች ብርሃን ጋር ይተካከል ነበር። መርዶክ ባደረገው ስሌት የጋዙ ወጪ በዓመት 600 ፓውንድ ያህል ሲሆን ይኸው ብርሃን በሻማ ቢገኝ ኖሮ 2,000 ፓውንድ ያስወጣ ነበር። ጋዙ ከማምረቻው ወጥቶ በማጠራቀሚያ ከተሰበሰበና ከታጠበ በኋላ በዋና ቧንቧ ወደ ፋብሪካው ይገባል፤ ከዚያም ቧንቧው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ በጠቅላላው የብዙ ማይል ርዝመት ይኖረዋል። ቅርንጫፉ የሚያሳልፈው ጋዝ እያነሰ በሄደ መጠን የቧንቧውም ስፋት እየጠበበ ይሄዳል። ዛሬ በማናቸውም የጋዝ ፕላን ላይ የሚታየው መሠረታዊ ሐሳብ፣ ማለት ከወፍራም ግንድ ወደ ቀጭን ቅርንጫፍ መሄድ፣ በዚያን ጊዜ ተሟልቶ ይገኝ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

መርዶክ ከጋዝ ጥቅሞች መካከል አንዱ አድርጎ የቈጠረው የእሳት አደጋን መቀነሱን ነበር። ሻማ ፍንጣሪ ይረጫል፤ ክሩም በየጊዜው መቈረጥ ያሻዋል፤ በጥጥ በተሞላ ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ሥጋት ነው። ስለዚህ የጋዝ ቧንቧ ወደ ሕንፃ የገባው እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ አደጋ መከላከያ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በፋብሪካው ውስጥ ጋዙን የሚያመርተው፣ ቧንቧውን የሚዘረጋውና ሕንፃውን የሚጠብቀው አንድ ባለቤት ነበር። በከተማ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1807 ዓ.ም. ከጀርመን አገር የመጣው ፍሬድሪክ ዊንሰር በሎንዶን የፓል ማል መንገድን በጋዝ አበራ፤ በ1812 ዓ.ም. ደግሞ የጋዝ ብርሃንና ኮክ ኩባንያ በንጉሥ ቻርተር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ጋዙ ሩቅ ካለ ማምረቻ በመንገድ ሥር እየመጣ በማያውቀው ቤት ውስጥ ይገባ ጀመር። ኩባንያዎቹ በመጀመሪያ ዋጋ ያስከፍሉ የነበረው በመብራቱ ቍጥርና በሚበራበት ሰዓት ልክ ነበር። ሳሙኤል ክሌግ የሠራው የጋዝ ቆጣሪ እየተስፋፋ ሄዶ፣ በ1859 ዓ.ም. ፓርላማው የጋዝ ሽያጭ መለኪያን የሚመለከት ሕግ ካወጣ በኋላ ግን ቆጣሪው በገዢና በሻጭ መካከል ዳኛ ሆነ። ዳኛ ብቻ ሳይሆን ድንበርም ሆነ፤ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የኩባንያው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ሆነ። ከዚህ የተነሣ በሕንፃው ውስጥ የሚዘረጋው ቧንቧ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቍጠባና በቧንቧ ሠራተኛው ልማድ የሚወሰን ሆኖ ቀረ።

፪. ስለ መጠን

የመጀመሪያዎቹ የጋዝ ሠራተኞች የቧንቧ እጥረት ነበረባቸው። ከናፖሌዎን ጦርነት የተረፉ የጠመንጃ አፈ ሙዞች እርስ በርሳቸው እየተቀጣጠሉ ለጋዝ መስመር እንዳገለገሉ ይነገራል፤ እንግሊዛውያን ቧንቧ ሠራተኞችም የብረት ቧንቧን በአፈ ሙዝ ስም ሲጠሩ መኖራቸው ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። በ1825 ዓ.ም. ኮርኔልየስ ኋይትሀውስ የብረት ቧንቧን በእሳት አጋግሎ በመሳብ ጠርዙን የሚያያይዝበትን ዘዴ ስላስመዘገበ ርካሽና ረጅም ቧንቧ በብዛት ይገኝ ጀመር። በቤት ውስጥ ለቀጫጭኑ ቅርንጫፎች በእጅ የሚታጠፍ የእርሳስና የእርሳስ ድብልቅ ቧንቧ ይሠራበት ነበር።

ቧንቧው ቢገኝም ስንት ኢንች ይሁን የሚለው ጥያቄ ቀረ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፖል ለዚህ ጥያቄ በስሙ የሚጠራ ቀመር ሰጠ። በቀመሩ መሠረት የቧንቧው ስፋት በእጥፍ ቢያድግ በውስጡ የሚያልፈው ጋዝ የሚያድገው በእጥፍ ሳይሆን ከአምስት ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በአንጻሩ የቧንቧው ርዝመት አሥር እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው ጋዝ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ በስፋት ላይ የሚደረግ ትንሽ ቍጠባ በብርሃን ላይ ትልቅ ጕድለት ያመጣል።

በዚህ ላይ የቆመው የአነዳደፍ ሥርዓት ቀላልና ያማረ ነው። ነዳፊው የሕንፃውን ፕላን ዘርግቶ ከቆጣሪው አይነሣም፤ ከሁሉ ይልቅ ከሚርቀው ዕቃ ይነሣል። የዚያን ዕቃ የሰዓት ፍጆታ ይጽፋል፤ ሌላ ቅርንጫፍ በሚገናኝበት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የዚያን ቅርንጫፍ ፍጆታ እየደመረ ወደ ኋላ እስከ ቆጣሪው ይመጣል። ከዚያም እያንዳንዱን የቧንቧ ክፍል በርዝመቱና በሚያሳልፈው ጋዝ መጠን ስፋት ይሰጠዋል። ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ጋዙ ስለሚታገድ እያንዳንዱ ክርን እንደ ተጨማሪ ርዝመት ይቈጠራል። በእንግሊዝ አገር በኋላ ዘመን የተፈጥሮ ጋዝ በገባ ጊዜ ከ20 ሚሊባር ገደማ ግፊት ውስጥ ከቆጣሪው እስከ ዕቃው ድረስ እንዲጠፋ የተፈቀደው 1 ሚሊባር ብቻ ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ግፊት የያዘ ጋዝ ለስሕተት ቦታ አይሰጥም።

ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ የችግሩ ምንጭ ምን ነበር? ችግሩ የመጣው ከሰው ኑሮ መለወጥ ነው። ብዙ ቤቶች ቧንቧቸው የተዘረጋው ለመብራት ነበር፤ አንድ ተራ የጋዝ መብራት በሰዓት 5 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይበቃዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኤሌክትሪክ መብራት ተወዳዳሪ ሆኖ ሲነሣ የጋዝ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ማብሰያና ወደ ማሞቂያ አዞሩ፤ ሳንቲም እየተጨመረበት ጋዝ የሚለቅ ቆጣሪም ወጥቶ ጋዝ ወደ ሠራተኛው ቤት ገባ። ምድጃና የውኃ ማሞቂያ ግን ከመብራት ብዙ እጥፍ ጋዝ ይጠይቃሉ። አያቱ ለሦስት መብራት ባሠራው ቧንቧ የልጅ ልጁ ምድጃ በቀጠለበት ጊዜ ነበልባሉ ደከመ። ሕንፃ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አለውና ፕላኑ ለዛሬ ፍጆታ ብቻ ሲነደፍ የነገውን ሰው ያስቸግራል።

፫. ስለ እርጥበት

ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው የከተማ ጋዝ እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ በሆነ የቧንቧ ክፍል ሲደርስ እርጥበቱ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ቧንቧው ረግቦ ከሆነም ውኃው በረገበበት ቦታ ተኝቶ መንገዱን ይዘጋል። ያን ጊዜ ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይዘላል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። የጠፋው መብራት አፉ ክፍት ሆኖ ሳለ ውኃው ፈቀቅ ቢል ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይገባል።

ለዚህ መድኃኒት የሰጡት ባለ እጆች ናቸው። ቧንቧ ተኝቶ የሚሄድ ቢመስልም በጥቂቱ ዘቅዝቆ መዘርጋት አለበት፤ ውኃው ወደ ኋላ ፈስሶ በዝቅተኛው ቦታ ላይ በተሠራ ማጠራቀሚያ እንዲሰበሰብና በየጊዜው እንዲወጣ ይደረጋል። ቧንቧውም በየጥቂቱ ርቀት ተደግፎ እንዳይረግብ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ በቀመር የተገኘ አይደለም፤ ጌታው ለደቀ መዝሙሩ በሥራ ላይ ያሳየው ነው።

ሆኖም ውኃ ወዳጅም ሆኖ ነበር። በሀብታሞች ቤት ከኮርኒስ የሚንጠለጠልና ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት የጋዝ መብራት ነበር፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ሲንሸራተት ጋዙ እንዳያመልጥ የሚያግደው በመካከሉ የተጨመረ ውኃ ነው። ባለቤቱ ወይም አገልጋዩ ውኃውን መጨመር የረሳ እንደ ሆነ ውኃው ደርቆ ጋዙ ያመልጥ ነበር። የሰው ሕይወት በአንድ ኩባያ ውኃና በአንድ አገልጋይ ማስታወስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በሌላ መልክ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዓመት ተመለሰ። ከ1967 እስከ 1977 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ከከተማ ጋዝ ወደ ሰሜን ባሕር የተፈጥሮ ጋዝ ተሻገረች፤ በዚህ ሥራ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ምድጃዎችና ማሞቂያዎች ተለዋውጠዋል ወይም ተስተካክለዋል። አዲሱ ጋዝ ግን ደረቅ ነበር። በመንገድ ሥር ያሉት የጥንት ቧንቧዎች መጋጠሚያቸው በገመድና በእርሳስ የተደፈነ ሲሆን ገመዱን አርሶና አሳብጦ ይዞት የኖረው የቀድሞው ጋዝ እርጥበት ነበር። ደረቁ ጋዝ ሲያልፍበት ገመዱ ደረቀና ተኰማተረ፤ መጋጠሚያውም ማፍሰስ ጀመረ። ለመቶ ዓመት እንደ ጠላት የታየው እርጥበት መስመሩን ጠባቂ እንደ ነበር የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ሥራ ምን ዓይነት ጋዝ እንደሚያልፍበት ሳይታወቅ ደኅና ነው ወይም መጥፎ ነው ሊባል አይችልም።

፬. ስለሚያመልጥ ጋዝ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። በ19ኛው መቶ ዓመት ጋዝ የሚያፈስ ቦታን በሻማ መፈለግ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ በሳሙና ውኃ አረፋ የሚደረገው ምርመራ ያን ጊዜ በነበልባል ይደረግ ነበር። ይህ ልማድ ስንት ቤት እንዳፈረሰ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን እኛ ለማስረጃ የመረጥናቸው ሁለት አደጋዎች የፕላንን ነገር በግልጽ ያሳያሉና በእነርሱ ላይ እንቆያለን።

የመጀመሪያው በመጋቢት ወር 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በኒው ለንደን ከተማ የደረሰው ነው። ከተማይቱ በነዳጅ ዘይት ምድር ላይ የተቀመጠች ስትሆን ትምህርት ቤቷም በባለጠግነቱ የታወቀ ነበር። በመጀመሪያ የታሰበው ሕንፃውን ከአንድ ማእከላዊ ቦታ በእንፋሎት ለማሞቅ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን ይህን ትቶ በየክፍሉ የጋዝ ማሞቂያ እንዲተከል አደረገ። የማሞቂያዎቹ ቍጥር 72 ነበር። በ1937 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወጪ ለመቈጠብ ሲባል ከጋዝ ሻጭ ኩባንያ ጋር የነበረው ውል ተቋርጦ ሕንፃው ከነዳጅ ጕድጓዶች ከሚወጣው ትርፍ ጋዝ መስመር ጋር ተቀጠለ። ይህ ጋዝ ሽታ አልነበረውም።

ከሕንፃው ወለል በታች ሕንፃውን ተከትሎ የሚሄድ፣ በቂ አየር የማያገኝ ባዶ ቦታ ነበር። ከመጋጠሚያ ያመለጠው ጋዝ በዚያ ተጠራቀመ። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ጋር ሲደባለቅ የሚፈነዳው ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ በሆነ ጊዜ ነው፤ በተዘጋ ቦታ ይህ መጠን ቀስ በቀስ ይሞላል። በመጋቢት 18 ቀን ከቀትር በኋላ፣ ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በእጅ ሥራ ክፍል ውስጥ የእንጨት መላጊያ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲቀጣጠል የወጣው ፍንጣሪ ጋዙን አነደደው። ሕንፃው ተነሥቶ ወደቀ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሸንጎ ጋዝ ሁሉ ሽታ እንዲጨመርበት፣ የምሕንድስናም ሥራ በተመዘገበ መሐንዲስ ብቻ እንዲሠራ የሚያዝዙ ሕጎች አወጣ። ዛሬ በወጥ ቤታችን ጋዝ ሲያፈስ አፍንጫችንን የሚመታው የተበላሸ ሽታ ተጨምሮ የተሰጠን ነው፤ የተከፈለበትንም ዋጋ ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛው አደጋ በሎንዶን ምሥራቅ በኒውሃም የተሠራው የሮናን ፖይንት ሕንፃ አደጋ ነው። ይህ ባለ 22 ፎቅ መኖሪያ ከተመረቀ ሁለት ወር ብቻ ሆኖት ነበር። በግንቦት 16 ቀን 1968 ዓ.ም. ከንጋቱ በ12 ሰዓት ገደማ፣ በ18ኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ሻይ ለማፍላት ክብሪት ጫረች። ሌሊቱን ጋዝ ሲያፈስ ያደረው ምድጃውን ከቧንቧው ጋር የሚያያይዝ አንድ የነሐስ ብሎን ጕድለት ስለ ነበረበት ነው። ፍንዳታው ሴትዮዋን እንኳ አልገደላትም። ነገር ግን ሕንፃው በፋብሪካ ተዘጋጅተው በመጡ የኮንክሪት ግድግዳዎች ላይ የቆመ ስለ ነበረ ፍንዳታው የማእዘኑን ግድግዳ ሲገፋው በላይ ያሉት ፎቆች ተደረመሱ፤ የእነርሱም ክብደት የታችኞቹን እያከታተለ እስከ መሬት አወረዳቸው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 17 ቈሰሉ።

ከሮናን ፖይንት የምንማረው አዲስ ነገር አለ። የጋዝ ቧንቧ ፕላንና የሕንፃው የአቋም ፕላን በሁለት ጠረጴዛ ላይ በሁለት ሰዎች ሊነደፉ ይችላሉ፤ አደጋ ሲመጣ ግን አንድ ፕላን ናቸው። ግድግዳው ሸክም የሚሸከም ከሆነ በአጠገቡ የሚያልፈው ጋዝ የግድግዳውም ጕዳይ ነው። በ1970 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ተሻሽሎ አምስት ፎቅና ከዚያ በላይ ያላቸው ሕንፃዎች በአንድ ቦታ በደረሰ ጕዳት ምክንያት እንዳይደረመሱ ሆነው እንዲነደፉ ታዘዘ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የጋዝ ደኅንነት ደንብ ወጣ። በዛሬው የእንግሊዝ አሠራር ወደ ላይ የሚወጣ የጋዝ ቧንቧ የሚያልፍበት ጕድጓድ ከታችና ከላይ አየር ማግኘት አለበት፤ ቧንቧ ግድግዳን ሲያልፍ በሌላ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ያልፋል፤ መዝጊያውም ሰው በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይደረጋል። እነዚህ ሁሉ ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው። መልሱ ጥሩ ነው፤ የመጣው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

፭. ስለ አገራችን ጥቂት ቃል

በአገራችን ከተሞች ጋዝ በሰፊው የሚታወቀው በሲሊንደር ነው። ይህ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባለው ጋዝ ከላይ ከገለጽናቸው ጋዞች በአንድ ነገር ይለያል። የከተማ ጋዝም የተፈጥሮ ጋዝም ከአየር ይቀልላሉ፤ ስለዚህ ሲያመልጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሲሊንደሩ ጋዝ ግን ከአየር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ሲያመልጥ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ በወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤትና የፍሳሽ ጕድጓድ ያገኘ እንደ ሆነ በዚያ ይጠራቀማል። ለተፈጥሮ ጋዝ ተብሎ ከኮርኒስ አጠገብ የተከፈተ የአየር መውጫ ለዚህ ጋዝ አይጠቅምም፤ መውጫው ከወለል አጠገብ መሆን አለበት። ስለዚህ በሆቴል ወይም በትልቅ ምግብ ቤት ሲሊንደሮችን ከውጭ አቁሞ ወደ ወጥ ቤት ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው የውጭ አገር ፕላን እንዳለ ቢገለብጥ ከላይ ያየነውን ስሕተት በሌላ መልኩ ይደግመዋል።

መደምደሚያ

ከላይ ባጭሩ ካየነው ሁሉ አንድ ነገር እናጠቃልላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ቶሎ የተመለሰው መልስ ሲያጣ ባለቤቱ ወዲያው ስለሚያውቅ ነው፤ መብራቱ ይደክምበታልና። ሁለተኛውም እንዲሁ ነው፤ ነበልባሉ ይዘልበታልና። ሦስተኛው ግን ለብዙ ዓመት ምንም ሳያሳይ ይኖራል። መልስ ሳይሰጠው የተሠራ ሕንፃና መልስ ተሰጥቶት የተሠራ ሕንፃ በምርቃቱ ቀን አንድ ይመስላሉ። በኒው ለንደን የተቈጠበው ገንዘብ በየወሩ መዝገብ ላይ ይታይ ነበር፤ ከወለል በታች የተጠራቀመው ጋዝ ግን አልታየም። መርዶክ ጋዝን ያመሰገነው ከሻማ አደጋ ስለሚያድን እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። አደጋው አልጠፋም፤ ከሚታይበት ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ወደማይታይበት ወደ ወለሉ ሥር ወረደ።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ረጅም አይደለም። የጋዝ ፕላን የሚነድፍ ሰው ከሦስተኛው ጥያቄ ይጀምር፤ ያመለጠው ጋዝ መውጫ ካገኘ በኋላ ወደ ሒሳቡ ይመለስ። ፕላኑም ሥራው ሲያልቅ አይጣል፤ ከሕንፃው ሰነድ ጋር ተጠብቆ ይኑር፤ መዝጊያው የት እንዳለ የቤቱ ጠባቂ እንኳ ይወቀው። ለታሪክ ተማሪም ያው ፕላን የሚናገረው አለው፤ የተነደፈበት ዘመን ስለ ምን እንዳሰበና ስለ ምን ሳያስብ እንደ ቀረ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ያስረዳልና። በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት የሚያገኙ መምህራንና ጓደኞቻችን፣ በተለይም የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።